ድንጋይ ያልወረደበት ገመድ

ኮምቦልቻ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ለሙንዚር፣ ለአጎቴ ልጅ ለዘሀራ በኩር። ለጤናህ እንዴት ሰንብተሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ አማን ነን። እናትህም ደሴ ሸዋ በር ቤቷ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳ እኔ ዘንድ መምጣት እምቢ ብሏታል። ባለፈው የት ከተማ ነው ያለው ብላኝ ‘ዉች’ ብላት፣ ‘ውጭ መሆኑንማ መች አጣሁት፣ የከተማውን ስም ንገሪኝ እንጂ!’ ብላ ተቆጣችኝ። አላህ በሄድክበት ሁሉ ከፍ አድርጎ ያቁምህ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ።

በወረቀት መጻፌ እንዳይገርምህ። ኢንተርኔቱ ከጠፋ ከርሟል። ስልኩም ሲፈልግ ይሠራል፣ ሲፈልግ ድርግም ይላል። በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ነጋዴ ስላገኘሁ በእሱ እጅ ነው የምልከው። ከዚያ ወዲያ የሚያደርስልህ አላህ ነው።

በል ወደ ጉዳዬ ልግባ። እኛ ሴቶቹ እንደምታውቀው የማዳበሪያ ከረጢት ተርትረን ገመድ እንገምዳለን። ወንድምህ ሳዲቅም ጉድጓድ ቁፋሮውን ይዞታል፤ የሚወርደው በኔ ገመድ ነው። የሌላ ሰው ገመድ በእጄ አልነካም ይላል፣ አጉል ሰው። ታዲያ መንገዱ ሲዘጋጋ አዲስ ከረጢት ጠፋ። አንድ ነጋዴ የጨው ክምር ሲሸፍንባቸው የኖሩ ከረጢቶች አሉኝ አለና ሸጠልን። ሁለት በጋ ሙሉ ፀሐይ ላይ የሰነበቱ ናቸው። ቀለማቸው ግራጫ ሆኗል፤ ስተረትራቸው እጄ ላይ እንደ ዱቄት ያለ ነገር ይቀራል። ብጎትተው አልተበጠሰም። ረውዳ የምትባለው ባልደረባዬ ‘ምን ሆነ፣ እንዲያውም ጫፉን በእሳት ስናጣብቀው ከአዲሱ ይልቅ እሺ ይላል’ ትላለች። እውነቷን ነው። አዲሱ ሲቀልጥ እየተለጠጠ እጅ ላይ ይጎተታል፣ ይሄ ግን እንደ ውሃ ይፈሳል። መልካም ይሁን መጥፎ እኔ አላውቅም።

ሳዲቅ ደጋን ከተማ ላይ ጥልቅ ጉድጓድ ተዋውሏል። አዝመራው ከገባ በኋላ ይጀምራል፤ ረጅም ገመድ ገምጂልኝ ብሎ ፋታ ነስቶኛል። እኔ ደግሞ የዘሀራን ልጅ እየተጠራጠርኩ ጉድጓድ አላወርድም። አንተ የምታጠናው ይኼንኑ አይደል? ስትሄድ ‘ፕላስቲክ ለማቅለጥ አውሮፓ ድረስ?’ ብዬ ስቄብህ ነበር፤ አሁን ፊትህ ቆሜ ለመንኩህ፣ ደስ ይበልህ። ከግራጫውም ከአዲሱም ክር ልኬልሃለሁ፤ አዲሱ በቀይ ፈትል የታሰረው ነው። ሰው ይሸከማል ወይስ አይሸከምም? ሌላ አልጠይቅህም።

አክስትህ ቢልቂስ

ሙንዚር፣ እኔ ነኝ ሳዲቅ። ከአክስታችን ደብዳቤ ግርጌ ቦታ ለምኜ ነው። ቦት ጫማ ላክልኝ፣ የጉድጓድ ውሃ አጥንት ይሰብራል። ቁጥሬን ታውቃለህ፤ ልጅ ሆነን ያንተን ጫማ ስሰርቅህ ልክክ ይልልኝ ነበር።


ዉች፣ ፖላንድ፣ ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ለምወድዎት አክስቴ ለቢልቂስ። ደብዳቤዎ በሰው በሰው ተቀባብሎ ደረሰኝ። ፖስታውን ስከፍተው ክሩ ጠረጴዛው ላይ ዱብ ሲል አብሮኝ የሚሠራው ፖላንዳዊ ‘ያንተ ዘመዶች ደግሞ ክር ይልካሉ?’ ብሎ በሳቅ ሞተ። እኔ ግን አሸተትኩት። ኮምቦልቻ ኮምቦልቻ ይላል። ወላሂ ሆዴ ባባ። ለእማዬ ጉልበት አላህ ብርታት ይስጥ፤ እርስዎንም ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ክሮቹን በማግሥቱ መሣሪያ ውስጥ አስገባኋቸው። መሣሪያው የሚስማር ራስ የምታክል ቁራጭ ተቀብሎ ቀስ እያለ ያሞቃታል፤ ስንት ዲግሪ ላይ እንደቀለጠች ይናገራል። አዲሱ መቶ ስልሳ አምስት ላይ ቀለጠ፤ ግራጫው መቶ ስልሳ ሦስት ላይ። ይህች ልዩነት ከቁጥር አትገባም።

ነገሩን ላስረዳዎት፤ ካልገባዎት እንደማይለቁኝ አውቃለሁ። ፕላስቲክ ማለት በዓይን የማይታይ በጣም ረጅም ክር ነው። ክሩ ሲቀዘቅዝ እየታጠፈ ይደረደራል፣ እርስዎ ነጠላዎን አጥፈው ሳጥን ውስጥ እንደሚያስቀምጡት። ያ ተጣጥፎ የተደረደረው ክፍል ክሪስታል ይባላል። መቅለጥ ማለት የታጠፈው ሲፈታ ነው። ሻማና ጀሪካን ዘራቸው አንድ ነው ብልዎት ያምኑኛል? የሻማው ክር አጭር ስለሆነ ስልሳ ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። የጀሪካኑ እጅግ ረጅም ስለሆነ እስከ መቶ ሠላሳ ይታገሣል። ክሩ በረዘመ ቁጥር መቅለጫው ከፍ ይላል ማለት ነው፤ ግን ለዘላለም አይደለም። አንድ ርዝመት ላይ ከደረሰ በኋላ ክሩ አሥር እጥፍ ቢረዝምም መቅለጫው ፈቀቅ አይልም። ሦስት ዓመት ቁጭ ብዬ የተማርኩት ይህችኑ ነው፣ ይሳቁብኝ።

እናም የእርስዎ ግራጫ ክር ክሪስታሉ በቦታው ነው። ፀሐይ አልጎዳውም። ዱቄቱ አቧራ ይሆናል፣ ያጥቡት። እንደ ውሃ መፍሰሱም ለማጣበቅ ይመቻችኋል እንጂ አይከፋም። ሰው ይሸከማል ወይ ላሉኝ፣ ይሸከማል። ገምዱት።

ለሳዲቅ ቦት ጫማውን ሰው ሳገኝ እልክለታለሁ። ጫማዬን መስረቁን ዛሬ ገና አመነ፣ ሌባ!

ልጅዎ ሙንዚር


ኮምቦልቻ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

የዘሀራ ኩራት፣ አላህ ዕውቀትህን ይጨምርልህ፤ የሚያውቅ ዘመድ አያሳጣን። ደብዳቤህን ለሴቶቹ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ሻማና ጀሪካን ዘራቸው አንድ ነው የሚለው ጋ ስደርስ ረውዳ ‘እንግዲያው እኔም ከዚያ ባለ ፎቅ ጎረቤቴ ጋር ዘመዳም ነኛ፣ የለየን የክር ርዝመት ነው!’ ብላ ሆዳችንን አስያዘችን። እናትህ ዘንድም ይዤው ወጣሁ። አስነበበችኝ፣ ደግማ አስነበበችኝ፣ ከዚያ ተቀብላኝ ከቁርኣኑ ሥር አኖረችው። ቀርቶብኛል፣ አትመልስልኝም።

ግራጫውን ሁሉ ገመድነው። ወረፋ ነው የተያዘልን፣ አቦ! ‘አውሮፓ የተፈተነ ገመድ’ እያሉ ነው ቆፋሪዎቹ። የሐርቡው አራጋው አንድ ወሰደ፤ ሌሎች ሁለት ቆፋሪዎችም ወሰዱ። የሳዲቅን ረጅሙን እኔው በእጄ ነው የገመድኩት። መገጣጠሚያውን በእሳት አቅልጬ ሳጣብቀው እንደ መስታወት አበራ።

አንድ ነገር ግን ከወንድምህ ጋር አጨቃጭቆናል። አዲስ ገመድ ሰው ከመውረዱ በፊት ድንጋይ ይወርድበታል፤ ያደግህበት ነው፣ ታውቀዋለህ። ከሰውየው ክብደት የሚበልጥ ድንጋይ በጆንያ ይሞሉና ከጠዋት እስከ ቀትሩ የዙህር ሰላት ጉድጓዱ ውስጥ አንጠልጥለው ያቆዩታል። ከያዘ ሰው ይወርዳል። ሳዲቅ ግን አሻፈረኝ አለ። ራሱ ይንገርህ፤ እኔ ተቆጥቼው ተቆጥቼው በኋላ ሳቄ መጣና ተውኩት።

አክስትህ ቢልቂስ

ወንድምዓለም፣ ሳዲቅ ነኝ። አክስታችን ከሳኝ መሰለኝ። አንተ አውሮፓ ውስጥ በመሣሪያ የፈተንከውን እኔ በድንጋይ ልፈትነው? ሰው ምን ይላል፣ የገዛ ወንድሙ አላመነውም አይልም? ለእነ ብሩም ‘ይህ የሙንዚር ገመድ ነው፣ ድንጋይ አይወርድበትም’ ብያቸዋለሁ። ብሩ ከላይ ገመድ ያዤ ነው፣ ጎበዝ ልጅ። በጥር መጀመሪያ እንጀምራለን። ቦቱን አደራ።


ዉች፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

ግራጫውን ገመድ ማንም ሰው እንዳይወርድበት! የጻፍኩልዎት ስህተት ነው። ሰላምታውን ወደ ኋላ ያደረግሁት ይህ ቀድሞ እንዲነበብ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ።

አሰላሙ ዐለይኩም አክስቴ። ለኅዳሩ ደብዳቤዬ የጻፉት መልስ ካለ ገና አልደረሰኝም። ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ስደውል የማንኛችሁም ስልክ አይጠራም። ይህን ነገ ለሚበር ሰው እሰጠዋለሁ፤ አዲስ አበባ ሲደርስ በተገኘው መኪና እንዲልክልኝ እግሩን ይዤ ለምኜዋለሁ።

የሆነውን ልንገርዎ። ስለ ክሮቹ እዚህ ለመምህሬ ስነግራት ‘ርዝመታቸውንስ ለካህ?’ አለችኝ። አልለካሁም። ክው አልኩ። እኔው ራሴ ጽፌልዎት ነበር እኮ፣ ክሩ አንድ ርዝመት ካለፈ በኋላ መቅለጫው ርዝመቱን አይናገርም ብዬ! ጻፍኩት፤ ምን እንደጻፍኩ ግን አላሰብኩም። ሮጬ ሄጄ የተረፈውን ክር አሟሙቼ ርዝመቱን ለካሁ። አክስቴ፣ ግራጫው ውስጡ ተቆራርጦ አልቋል። ፀሐይ በልታዋለች።

የታጠፉትን ነጠላዎች ያስታውሱ። ነጠላዎቹን እርስ በርስ የሚያያይዙ ረጃጅም ክሮች አሉ፤ ከአንዱ ነጠላ ወጥተው ወደ ሌላው የሚገቡ፣ እንደ ስፌት። ገመድን ገመድ የሚያደርገው ያ ስፌት ነው። ፀሐይ የምትቆርጠው ደግሞ መጀመሪያ ስፌቱን ነው። ነጠላዎቹ እንደታጠፉ ይቀራሉ፤ ስለዚህ የሚቀልጡት ከአዲሱ ጋር እኩል ሊባል በሚችል ሙቀት ነው። የኔ መሣሪያ ያየው ነጠላዎቹን ብቻ ነው። እርስዎ ያዩት ዱቄትም አቧራ አይደለም፣ ራሱ ገመዱ ነው እየረገፈ። እንደ ውሃ የፈሰሰውም ክሩ አጭር ስለሆነ ነው። ጠይቀውኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ‘አይከፋም’ ያልኩት። በእሳት ያጣበቃችሁት ቦታማ ከሁሉ የባሰ ነው።

የሚያጽናናኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሳዲቅ መጀመሪያ ድንጋይ ያወርዳል። ድንጋዩ ይበጥሰዋል፤ እሱም ይስቅብኛል። ይሳቅብኝ። ቢሆንም በአላህ ይሁንብዎት፣ ገመዶቹን ሁሉ ሰብስበው ያቃጥሉ። አቃጠልኩ የሚል አንድ መስመር ይላኩልኝ።

ሙንዚር


ኮምቦልቻ፣ የካቲት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ለልጃችን ለሙንዚር፤ ለጤናህ እንደምን አለህ? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። እጃችን ላይ የቀረውን ግራጫ ክር አቃጥለነዋል።

ብርዱ እንዴት ነው? ምግብ በወጉ ትበላለህ? ብቻህን ነው የምትኖረው ወይስ ሰው አለ አብሮህ? እዚያ አካባቢ የአገር ሰው፣ ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው ካለ ስልኩን ላክልኝ። እንዲሁ ለማወቅ ነው። ቦት ጫማውን አትላከው፣ እዚህ ተገኝቷል።

እናትህ ሰላም ትልሃለች። ስልክ ሲስተካከል ራሷ ታናግርሃለች።

አላህ ይጠብቅህ፣ አላህ ሶብሩን ይስጥህ።

ቢልቂስ


ዉች፣ የካቲት 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም አክስቴ።

ሰላምታዬ ቢያጥር አይቀየሙኝ፣ ደሜ ፈልቷል። የታኅሣሡ ደብዳቤዎና የየካቲቱ በአንድ ቀን ደረሱኝ። በታኅሣሡ ሳዲቅ ድንጋይ አላወርድም ይላል። በየካቲቱ የሳዲቅ እጅ የለም። ከግርጌ ቦታ ለምኖ የሚጽፍ ልጅ አንዲት ቃል አልጻፈም! ቦት ጫማ ተገኝቷል ይሉኛል፤ ከየት? እርስዎ ደግሞ ‘ሶብሩን ይስጥህ’ ብለው፣ ለሐዘንተኛ የሚባለውን ይጽፉልኛል። ለምኑ ነው ሶብሩ? እኔ ልጅ ነኝ እንዴ?

ለእማዬ ደውዬ አንዴ ገባልኝ። ስልኩን ያነሳችው ሴት ማን እንደሆነች አላወቅኋትም። ‘እናትህ ተኝታለች’ አለችኝ። በቀትር! ከኋላዋ የብዙ ሰው ድምፅ ነበር።

የአገር ሰው ብለው ስለጠየቁኝ፣ ዋርሶ ውስጥ አብርሃም የሚባሉ የደሴ ሰው አሉ፤ የጭነት መኪና ይነዳሉ፣ ሽማግሌ ናቸው። ስልካቸውን ከዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌዋለሁ። ለምን እንደፈለጉት ያውቃሉ፤ እኔም የማውቅ ይመስለኛል፤ ግን ካፍዎ ካልሰማሁ አላምንም። ይንገሩኝ። እባክዎ ይንገሩኝ።

ሙንዚር


ኮምቦልቻ፣ መጋቢት 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሙንዚሬ፣ ይህን ስታነብ አብርሃም ከጎንህ ተቀምጠዋል። ስልኩ ሲመለስ ደውዬላቸው፣ ሰው ይዘው ሳይነጋ እንዲገቡልህ ለመንኳቸው። ይህ ወረቀትም ነገ በሚበር ሰው እጅ፣ በእሳቸው በኩል ይድረስህ ብያለሁ። እስከዛሬ አፌን የለጎምኩት ማንም በሌለበት መርዶ እንዳትሰማ ብዬ ነው። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ሳዲቅ የለም፣ ልጄ።

ጥር 6 ቀን ደጋን ላይ ነው። ጠዋት ሲወርድ ገመዱ ያዘው። ሲቆፍር አረፈደ፣ አፈሩን እየጎተቱ አወጡለት። ለዙህር ሲወጣ፣ አናቱ ሊታይ ጥቂት ሲቀረው፣ ገመዱ እኔ በእሳት ያጣበቅሁት ቦታ ላይ ተበጠሰ። ድምፅ እንኳ አላሰማም ይላል ብሩ። በእጁ የቀረው ጫፍ ሲነካው ይረግፍ ነበር። ሳዲቅን ሲያወጡት ነፍሱ ወጥታለች። ጀናዛውን በሐረጎ አውጥተን ደሴ ቀበርነው፤ የሸዋ በር ቅሬ፣ ዕድርተኛው ሁሉ፣ አንድ ሰው ሳይቀር ወጣለት። አላህ ጀነቱን ይስጠው።

ደብዳቤህ የመጣው ከቀብሩ በኋላ ነው። መንገድ ተዘግቶ መኪናው አዲስ አበባ ሰንብቶ ኖሯል። የመጀመሪያውን መስመር እንዳነበብኩ የቀረውን ክር ሰብስቤ እሳት ውስጥ ጨመርኩት። ምነው ያን ክር ስተረትር እጄን በቆረጠው! ሁለተኛ ገመድ አልገምድም ብዬ ምያለሁ።

ሌላም አለ። የቀብሩ ዕለት ሽማግሌዎቹ መከሩና ‘ለዘሀራ ጉድጓዱ ተናደ በሏት’ አሉ። አንዱን ልጇን ቀብራ ሌላውን እንዳትጠላ። ብሩን አስማሉት። እኔም እሺ አልኩ። ለእሷ አዝኜ ነው፣ ውሸት አይደለም፤ ግን ያንተን ልብ አልዋሸውም፣ ለራሴም ፈርቼ ነው። አሁን አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ናዳ መሆኑን ነው።

ከዚያ ወዲህ ግን እንቅልፍ የለኝም። ሦስት ግራጫ ገመድ ሰው ዘንድ አለ። ሐርቡ ወርጄ አራጋውን መልስልኝ፣ የተሻለ እሰጥሃለሁ አልኩት። ሳቀብኝ። ‘እትዬ ቢልቂስ፣ አውሮፓ የተፈተነ ገመድ ሊቀሙኝ ነው? ሳዲቅን የገደለው አፈር እንጂ ገመዱ መቼ ሆነ!’ አለኝ። ድንጋይ አውርድበት ብዬ ብነግረው ‘ሳዲቅ ያላወረደውን?’ አለ። ለፋሲካ ውሃ አወጣለሁ ብሎ ቃል ገብቷል። ሁለት ልጆች አሉት፣ አንዷ ትንሿ እግሬ ላይ ተጠምጥማ አልለቅም አለችኝ። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ብናገር ውሎ ሳያድር ዘሀራ ጆሮ ይደርሳል። ዘሀራ ደግሞ ያንን ደብዳቤህን ዛሬም ከቁርኣኑ ሥር እያወጣች ለለቀስተኛው ታሳያለች። ምን ላድርግ? አንተው ንገረኝ።

አክስትህ


ዉች፣ መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም አክስቴ። አላህ ሁላችንንም ያጽናን።

አብርሃም አራት ቀን አብረውኝ ሰነበቱ። እሳቸው በጾማቸው፣ እኔ በጾሜ፣ ማታ ማታ የምበላውን ያበስሉልኝ ነበር። ከእማዬ ጋር በስልክ ተላቀስን። መጨረሻ ላይ ምን አለችኝ መሰልዎት? ‘ገመዱስ ያንተ ነበር፣ አንተ የፈተንከው። አጀሉ ሆኖ፣ የተጻፈለት ቀን ደርሶ፣ መሬቱ ተናደበት እንጂ ወንድምህ ባንተ እጅ ነበር የተያዘው’ አለች። ልነግራት አፌን ከፈትኩ፣ አቃተኝ። ‘እሺ እማዬ’ ብዬ ዘጋሁ። ‘እሺ’ ማለቴ እስካሁን ያቃጥለኛል።

እርስዎን አልወቅስዎትም። ጠይቀውኝ ነበር፤ እኔ መለስኩ። ሽማግሌዎቹም ለኔ ብለው ነው ያደረጉት፣ አላህ ይስጣቸው። ግን አራጋው በዚያ ገመድ ላይ ሊወርድ ነው። እማዬ እኔን እንዳትጠላ ተብሎ የሰው ልጅ አባት አይሙት።

ስልኩ መቼ እንደሚጠፋ አይታወቅምና ይህን ነገ ለሚበር ሰው እሰጠዋለሁ፣ ከጁምዓ በፊት ይደርስዎታል። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ጽሑፍ ጁምዓ ከሰላት በኋላ እናታችን ደጅ ላይ ሰው ሰብስበው ያንብቡልኝ። አራጋውንና ሁለቱን ቆፋሪዎች ብሩ ይጥራቸው፤ ለሳዲቅ ዱዓ ነው ቢባሉ አይቀሩም። ገመዳቸውን ይዘው ይምጡ። ብሩንም ከመሐላው ይፍቱት፣ ልጁ ይታመማል። እርስዎ ማንበብ ካቃተዎት ለብሩ ይስጡት። አንዲት ቃል አትቀነስ።

ልጅዎ ሙንዚር


የሸዋ በር ቅሬ አባቶቼና እናቶቼ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። ወንድሜን በክብር ቀብራችሁልኛል፤ አላህ ውለታችሁን ይክፈል።

እኔ የዘሀራ ልጅ ሙንዚር ነኝ። ጉድጓዱ አልተናደም። ገመዱ ነው የተበጠሰው። ያን ገመድ ሰው ይሸከማል ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የፈተንኩት መቼ እንደሚቀልጥ ነበር፤ የሚያስፈልገው ግን መቼ እንደሚበጠስ ማወቅ ነበር። አክስቴ ቢልቂስ ተጠራጥራ ጠይቃኛለች፤ ጥርጣሬዋን ያጠፋሁባት እኔ ነኝ። ማንም በእሷ ላይ ክፉ እንዳይናገር።

አራጋው፣ ይህን ለአንተና ለሁለቱ ጓደኞችህ ነው የምለው። ወንድሜ ድንጋይ ሳያወርድ የወረደው እኔን ላለማሳፈር ነው። እናንተ ስለኔ አትፈሩ፤ የሚጠበቅ ክብር የለኝም። ገመዳችሁን አሁን፣ እዚያው ሰው ፊት በቢላ ቁረጡት። ስትቆርጡት ዱቄቱን ታያላችሁ።

እማዬ፣ ይህን በሰው ፊት ማሰማቴ ግፍ እንደሆነ አውቃለሁ። ለብቻሽ ብነግርሽ ትደብቂልኛለሽ ብዬ ፈራሁ፤ አውቅሻለሁ፣ ትደብቂልኛለሽ። ሳዲቅ በአጀሉ ሞተ፣ አልክድም። የወረደው ግን በኔ ቃል ነው። ያንን ደብዳቤ ከቁርኣኑ ሥር አውጪው።

ቅዳሜ ጠዋት እደውልልሻለሁ። ስልኩን ባታነሺው አልቀየምሽም።

ልጅሽ ሙንዚር